ሙያ፣ ደብተርና ምስክር ወረቀት
(ለወጣቶችና ለጎልማሶች የተዘጋጀ ትምህርት)



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ ጽናትና ስለ ሙያ ነው። ስለ ጽናት ሲነሳ አብዛኞቻችን የለመድነው ምክር «ታገሥ፣ ቻለው፣ ያልፋል» የሚለው ነው። ምክሩ ከመልካም ልብ የሚመጣ በመሆኑ አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ ቁጭ ብሎ መቻል ከሥራ የበለጠ እንደሚያደክም በዚህ ካምፕ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ካምፑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1991 ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከኢትዮጵያ የወጡ ወገኖቻችን እዚህ የሰፈሩት ለጥቂት ወራት መስሏቸው ነበር። ያኔ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የገቡ ሕፃናት ዛሬ የልጆች አባትና እናት ሆነዋል። ስለሆነም ለእኛ ለስደተኞች የሚጠቅመን ጥያቄ አንድ ነው፦ ባለፈው ዓመት የማንችለውን ነገር ዘንድሮ ምን ቻልን?

ብዙ ወገኖቻችን ለዚህ ጥያቄ «ፕሮሰሴ ይለቅ እንጂ ያኔ እማራለሁ» የሚል መልስ ይሰጣሉ። እንግዲህ የሆነውን እንመልከት። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ስደተኞችን የምትቀበልበትን ፕሮግራም አቆመች፤ በረራ የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ጉዞአቸው ተሰረዘ። በዚያው በ2025 በገንዘብ እጥረት ምክንያት የምግብ ራሽን ክፉኛ ተቀነሰ። በመጋቢት ወር ደግሞ የኬንያ መንግሥት «ሺሪካ» የተባለውን፣ ካምፖችን ቀስ በቀስ ስደተኛውና የአካባቢው ሕዝብ አብረው ወደሚኖሩባቸው ከተሞች የመለወጥ ዕቅድ በይፋ ጀመረ። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ የተከሰቱ ናቸው። መሄድ ሲዘጋና ራሽን ሲያንስ፣ በዚህ ምድር ሠርቶ ማደር የግድ ይሆናል። ዕቅዱ በተግባር ምን ያህል እንደሚራመድ ወደ ፊት የምናየው ቢሆንም፣ ሙያ ያለውና ሙያውን ማስረዳት የሚችል ሰው በየትኛውም መንገድ እንደሚቀድም አንጠራጠርም።

ልብ በሉ፤ «ሙያ ያለውና ሙያውን ማስረዳት የሚችል» ብለናል። በሕዝባችን ዘንድ ሙያ ሞልቷል። እንጀራ የሚጋግር፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ጸጉር የሚሠራ፣ መኪና የሚጠግን፣ ጡብ የሚመታ፣ ሻይና ቡና የሚያፈላ በየብሎኩ አለ። የጎደለው ብዙውን ጊዜ እጁ ሳይሆን ሌላ ነው፤ ባለሙያው ትናንት ከነበረበት ዛሬ ምን ያህል እንደተራመደ የሚያይበት መለኪያ የለውም።

በዚህ ረገድ ከሯጮች ትምህርት መውሰድ ይቻላል። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ ከአሥሩ ስፖርተኞች አምስቱ እዚሁ ካኩማ የኖሩ የደቡብ ሱዳን ሯጮች ነበሩ። በቴግላ ሎሩፔ አማካይነት ተመርጠው ናይሮቢ አጠገብ በምትገኘው ንጎንግ ሠለጠኑ። በዚሁ ቡድን ውስጥ ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴም ነበር። ዮናስ በሉክሰምበርግ በስደት ሲኖር ታክሲ እየነዳ ለኑሮው ይሠራ ነበር፤ ፈረንሳይኛ ይማር ነበር፤ ልምምዱንም አላቋረጠም። ሯጭ አንድ ትልቅ ዕድል አለው፤ በእጁ ሰዓት አለ። ዛሬ ከትናንት መሻሉን ወይም መድከሙን ሰዓቱ ሳያዳላ ይነግረዋል። እንጀራ ለምትጋግር እናት፣ ለልብስ ሰፊውና ለጸጉር ሠሪዋ ይህን ሰዓት የሚተካው ምንድን ነው? እኛ ደብተር ነው እንላለን።

እስቲ የእንጀራውን ሥራ እንውሰድ። በጎልማሶች ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስናቀርብ የምንሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው። «እትዬ፣ በቀን ትርፍዎ ስንት ነው?» ስንል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያኖረናል» ይሉናል። «መኖሩንስ ያኑርዎት፤ ስንት ነው?» ስንል «ኧረ ልጄ፣ ማን ቆጥሮት!» የሚል ይከተላል። አብረን እንቁጠረው። የምንሰጠው ቁጥር ለትምህርት ያህል የቀረበ ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያስገባ።

አንዲት እናት በቀን 60 እንጀራ ይጋግራሉ። አንዱን በ25 ሽልንግ ይሸጣሉ። ወጪያቸው እንደሚከተለው ነው፦

ዱቄት (ጤፍ፣ ማሽላና ሩዝ ተቀላቅሎ) 750
ማገዶ 300
ውሃ ማስቀጃ 50
መጠቅለያ ወረቀት 40
ለማሰሻ የጎመን ዘር 10
ድምር 1150 ሽልንግ

60 በ25 ሲባዛ 1500 ይሆናል። ከዚህ ላይ 1150 ሲቀነስ 350 ይተርፋል። እናታችን በልባቸው የያዙት ሒሳብ ይህ ነው። ነገር ግን ማታ መቀነታቸውን ሲፈቱ የሚያገኙት 1125 ሽልንግ ብቻ ነው። ይኸውም የነገውን ዱቄትና ማገዶ ለመግዛት እንኳ 25 ሽልንግ ይጎድላል! «ሌባ ቤቴ ገብቷል» ብለው ጎረቤት ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም። ሌባ ግን የለም።

ገንዘቡ የት እንደ ሄደ እንከታተል። ከ60ው እንጀራ 5ቱ ተቀደዱ ወይም ሳይሸጡ አድረው ሻገቱ። 4ቱን ቤተሰብ በላቸው። 6ቱን ደንበኞች በዱቤ ወሰዱ። በጥሬ ገንዘብ የተሸጠው 45 ብቻ ነው፤ 45 በ25 ሲባዛ 1125። አሁን ግልጽ ሆነ። እነዚህ ሦስት ጉድለቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ትምህርቱም ያለው በልዩነታቸው ላይ ነው። የተቀደደውና የሻገተው እውነተኛ ኪሳራ ነው። ቤተሰብ የበላው ኪሳራ አይደለም፤ ልጆቹ ጠገቡበት፤ ሳይበሉ ቢቀር ኖሮ ሌላ ምግብ ይገዛ ነበር። ዱቤው ደግሞ ከሰው እጅ ያለ ገንዘብ ነው፤ ከተከፈለ ገቢ፣ ካልተከፈለ ኪሳራ ይሆናል። ስለዚህ ዱቤው ሁሉ ይከፈላል ብንል የ55 እንጀራ ዋጋ 1375 ነው፤ 1150 ሲቀነስ የዕለቱ ትርፍ 225 ሽልንግ ነው።

ገና አልጨረስንም። ምጣዱስ? ምጣድ ይሰነጠቃል። 1800 ሽልንግ የተገዛ ምጣድ 120 ቀን ቢያገለግል በቀን 15 ሽልንግ እየበላ ነው ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በየቀኑ ካልተቀመጠ ምጣዱ በሚሰበርበት ቀን ብድር ፍለጋ መዞር ይመጣል። እንግዲህ ትርፉ 210 ሆነ። እኚህ እናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው እሳት በማንደድ፣ በመጋገርና በመሸጥ 6 ሰዓት ከደከሙ፣ 210 ለ6 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ድካማቸው ዋጋ 35 ሽልንግ ነው። የሯጩ ሰዓት የሚለው ቁጥር ይኸ ነው። በሚመጣው ወር 38 ሆነ ወይስ 30?

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ሥራውን ለማሻሻል የሚሞከሩ ነገሮች ወዲያው ይታያሉ። በካኩማ ሙቀት ሊጥ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ደጋ አገር እንደ ለመድነው ብዙ እርሾ መጨመርና ረጅም ጊዜ ማቆየት የእንጀራውን መቀደድና መሻገት ያበዛዋል። እርሾውን ቀንሶ፣ ቡሃቃውን በጥላ ሥር በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ መሞከር ይቻላል። ማሽላና ሩዝ የበዛበት ሊጥ እርስ በርሱ አልያያዝ ስለሚል አብሲቱን በደንብ ማብሰል ያስፈልጋል። የዚህን ዝርዝር እናቶች ከእኛ ይልቅ ስለሚያውቁት ለእነርሱ እንተዋለን። እኛ የምንለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥና ውጤቱ ይጻፍ። እርሾውንም ዱቄቱንም ማገዶውንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ረዳው አያውቅም። ከ5 የሚጣል እንጀራ ወደ 2 ቢወርድ በቀን 75 ሽልንግ ተገኘ ማለት ነው፤ ይህም ያለ አንዳች ተጨማሪ ብድርና ያለ አንዳች እርዳታ።

ደብተሩ እንዴት ይያዝ? ባለ 40 ገጽ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በአንድ ገጽ ላይ ቀኑ፣ የገባው፣ የወጣው። ከኋላ በኩል ያለው ገጽ ለዱቤ ብቻ ይሁን፤ ስሙ፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የከፈለበት ቀን። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ልጃቸው ያስፍርላቸው፤ ወይም እንደ ድሮው በቆርኪ ይቁጠሩ፤ የተሸጠው በአንድ ቆርቆሮ፣ የተበላው በሌላ፣ ዱቤው በሦስተኛ። ዋናው ነገር የሥራው ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ በአንድ መቀነት አይቋጠሩ። ከሥራው ላይ ለቤት የሚወሰድ ካለ እንደ ማንኛውም ወጪ «ለቤት 100» ተብሎ ይጻፍ። ሲወሰድ ያልተጻፈ ገንዘብ ባልና ሚስትን ሲያጣላ አይተናል።

ስለ ዱቤ አንድ ነገር እንጨምር። በእኛ ባህል ዱቤ መከልከል ነውር ሆኖ ይታያል፤ በተለይም ራሽን ባነሰበት ዘመን። ጎረቤት ሲራብ ዝም ብሎ ማለፍም ሰውነት አይደለም። ሆኖም ምጽዋትና ዱቤ ሁለት ናቸው። ለተራበ የሚሰጠውን «ሰጠሁ» ብሎ መስጠት፣ ዱቤውን ግን በልክ መያዝ ይሻላል። ለምሳሌ ያህል የዱቤው ገጽ ከሁለት ቀን ትርፍ በላይ ሲሆን አዲስ ዱቤ ይቁም ብሎ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። ደንበኛ ሲጠይቅም ደብተሩን እያሳዩ «ደብተሩ ሞልቷል» ማለት ፊት ለፊት «አልሰጥም» ከማለት ይቀላል፤ ጉርብትናም አይቀየምም።

ዕቁብንም መርሳት የለብንም። ዕቁብ አያቶቻችን ያቆዩልን ባንክ ነው። አሥር ሰዎች በየሳምንቱ 200 ሽልንግ ቢጥሉ በየተራቸው 2000 ያገኛሉ፤ ምጣድ ይገዛበታል፤ የስፌት መኪና ቀብድ ይሆናል። ነገር ግን በካምፕ ውስጥ አዲስ አበባ የሌለ ችግር አለ፤ ሰው በድንገት ይሄዳል። ለጉዞ ይጠራል ወይም ወደ ናይሮቢ ይወርዳል። በመጀመሪያው ሳምንት 2000 የወሰደ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ቢሄድ የጣለው 600 ብቻ ስለሆነ 1400 ሽልንግ የሌሎች ገንዘብ ይዞ ሄደ። ስለዚህ ቀድሞ የሚወስድ ሁሉ ከዕቁብተኛው መካከል ዋስ ይጥራ፤ ፕሮሰሱ የተቃረበ ሰው ደግሞ በፈቃዱ መጨረሻ ላይ ቢወስድ ለእርሱም ክብር ነው። ይህንንም ዳኛውና ጸሐፊው ዕቁቡ ሳይጀመር በጽሑፍ ያስፈርሙ።

አሁን ወደ ቋንቋ እንለፍ። ከእኛ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የሚሸጡት ለሐበሻ ብቻ ነው። የካምፑ ገበያ ግን የሶማሌው፣ የደቡብ ሱዳኑ፣ የኮንጎው፣ የቡሩንዲውና የቱርካናው ጭምር ነው። በመካከል የሚያገናኘው ስዋሂሊ ነው። «ስዋሂሊ ይከብዳል» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እኛ አንስማማም። አማርኛ ተናጋሪ ሳያውቀው የስዋሂሊን ሒሳብ ግማሹን ያውቃል። ምክንያቱም ስዋሂሊ ብዙ ቃላት ከዓረብኛ ወስዷል፤ አማርኛና ግዕዝ ደግሞ የዓረብኛ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ሒሳብ በስዋሂሊ «ሄሳቡ» ነው። ትርፍ «ፋይዳ» ይባላል፤ እኛም ፋይዳ የለውም እንል የለም? ኪሳራ «ሃሳራ» ነው። ስኳር «ሱካሪ»፣ ሻይ «ቻይ»፣ ሳሙና «ሳቡኒ»፣ ደም «ዳሙ»።

ቁጥሩን ተመልከቱ። ከአንድ እስከ አሥር ያለው እንዲህ ነው፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ንኔ፣ ታኖ፣ ሲታ፣ ሳባ፣ ናኔ፣ ቲሳ፣ ኩሚ። ከእነዚህ የሚበዙትን በቃል መያዝ ግድ ነው። ከሃያ በኋላ ግን ዘመዶቻችን ይመጣሉ፦ 20 ኢሺሪኒ፣ 30 ቴላቲኒ፣ 40 አሮባይኒ፣ 50 ሃምሲኒ፣ 60 ሲቲኒ፣ 70 ሳቢኒ፣ 80 ቴማኒኒ፣ 90 ቲሲኒ፣ 100 ሚያ። አርባንና አሮባይኒን፣ ሃምሳንና ሃምሲኒን፣ ሰማንያንና ቴማኒኒን አስተያዩ። (በቴላቲኒና በቴማኒኒ ውስጥ «ተ» ብለን የጻፍነው ድምፅ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገር ነው።) ቁጥር ሲያያዝም በመካከል «ና» ይገባል፤ 75 «ሳቢኒ ና ታኖ» ነው። እንደ እኛው ሰባ እና አምስት! ይህ የመጨረሻው አጋጣሚ ነው እንጂ ዝምድና አይደለም፤ ለማስታወስ ግን ይረዳል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «ሳባ» ነው። በስዋሂሊ ሳባ ማለት 7 ሲሆን በእኛ ጆሮ 70 ይመስላል። «ሳባ» ያለውን ሰው 70 ሽልንግ ያስከፈለ ነጋዴ ጠብ ገዛ። ሁለተኛው «ኤልፉ» ነው። በእኛ እልፍ አሥር ሺህ ነው፤ በስዋሂሊ ግን ኤልፉ አንድ ሺህ ብቻ ነው። የእናታችን የ55 እንጀራ ዋጋ 1375 በስዋሂሊ «ኤልፉ ሞጃ፣ ሚያ ታቱ፣ ሳቢኒ ና ታኖ» ይሆናል። ጮክ ብላችሁ ሦስት ጊዜ በሉት።

ለገበያ አራት አባባል ቢታወቅ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። «ቤይ ጋኒ?» ዋጋው ስንት ነው ማለት ነው። «ፑንጉዛ ኪዶጎ» ትንሽ ቀንስ ነው። «ሌዮ» ዛሬ፣ «ኬሾ» ነገ ነው። ደንበኛ «ኒታሊፓ ኬሾ» ካለ ነገ እከፍላለሁ ማለቱ ስለሆነ ወዲያው ወደ ዱቤው ገጽ!

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ደስ ያሰኛል። ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። «ሳአ ታቱ አሱቡሂ» ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ለውጥ የለውም። ነገር ግን ከቢሮ የሚሰጠው የቀጠሮ ወረቀት በእንግሊዝኛ ሰዓት የተጻፈ ስለሆነ ያንኑ ሰዓት 9 ብሎ ያስቀምጠዋል። ወረቀቱ ላይ 9 ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 2 ሲል ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ስድስት መቀነስ፣ የማይቀነስ ከሆነ ስድስት መደመር ነው። በዚህ ምክንያት ኢንተርቪው ያመለጣቸው ሰዎች ስላሉ ቀላል ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት።

በመጨረሻ የምናነሳው የምስክር ወረቀትን ጉዳይ ነው። በ2021 የወጣውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ በግልም ሆነ በቡድን በሥራና በንግድ የመሰማራት፣ እንዲሁም በሙያው የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሙያ ረገድ ግን የሀገሪቱ ባለሥልጣናት የሚቀበሉት የብቃት ማስረጃ ያስፈልጋል ይላል። ፈቃድ ማውጣቱ በተግባር ደጅ መጥናትን እንደሚጠይቅ እናውቃለን። ቢሆንም ማስረጃ የሌለው ሰው ደጁም ላይ አይደርስም።

ሃያ ዓመት መኪና የጠገነ ወገናችን «እኔን የሚፈትነኝ ማነው?» ሲል እንሰማለን። መልሱ፣ ፈታኝ አለ የሚል ነው። በኬንያ ብሔራዊው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በአጭሩ «ኒታ» የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ የእጅ ሙያ ፈተና ይሰጣል። ፈተናው ሦስት ደረጃ አለው፤ የሚጀመረው ከደረጃ 3 ሲሆን ወደ 2፣ ከዚያም ወደ 1 ይወጣል። ግንበኝነት፣ አናጢነት፣ ልብስ ስፌት፣ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ፣ የመኪና ጥገናና የጸጉር ሥራ ከሚፈተኑት ሙያዎች ውስጥ ናቸው። የፈተናው ዋና ክፍል በእጅ ሠርቶ ማሳየት ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልጨረስኩም፣ ወረቀቴ አገር ቤት ቀርቷል የሚል ባለሙያ ለዚህ ፈተና አይፈር። በካምፓችን በዶን ቦስኮ የሙያ ማሠልጠኛ የተማሩ ልጆች የሚፈተኑት ይህንኑ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ሊሰጥ ስለሚችል የመሣሪያዎቹን ስም በእንግሊዝኛ አስቀድሞ ማጥናት ያስፈልጋል። ሙያውን እያወቀ «መፍቻ»ን በእንግሊዝኛ መጥራት ስላቃተው ብቻ የሚወድቅ ሰው ያሳዝነናል።

በድርጅት ውስጥ በኢንሴንቲቭ ያገለገላችሁ ደግሞ ኮንትራታችሁ ሲያበቃ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ። በደብዳቤው ላይ ሙሉ ስም በስደተኛ መታወቂያው ላይ እንዳለ ሆሄ በሆሄ፣ ሥራው የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ የተሠራው ሥራ በዝርዝር፣ የአለቃው ስምና ፊርማ፣ ማኅተም ይኑር። «በትጋት አገልግሏል» የሚል ብቻ ከሆነ አይረዳም። «በአንድ ክፍል 80 ተማሪዎችን ሒሳብ አስተምሯል» የሚል ደብዳቤ የትም አገር ይነበባል። አለቆች በየጊዜው ስለሚቀያየሩ ነገ እጠይቃለሁ ያለ ሰው ነገ የሚያውቀው አለቃ አያገኝም። ወረቀቱንም የታራች ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ እንደማይምር አስቡና በፕላስቲክ አሽጉት፤ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ አንድ ኮፒ ሌላ ብሎክ ካለ ዘመድ ዘንድ አኑሩ።

የራሳቸው ሥራ ያላቸው ደብዳቤ የሚጽፍላቸው አለቃ የላቸውም። ለእነርሱ ምስክራቸው ያ ባለ 40 ገጽ ደብተር ነው። ብድር ወይም መነሻ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው በወር ስንት ትሸጣላችሁ፣ ስንት ይተርፋችኋል ብሎ ነው። የስድስት ወር ደብተር የዘረጋና «ያኖረናል» ያለ እኩል አይታዩም።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ እንደ ልማዳችን ወደ መልመጃው እንሂድ።

1ኛ. አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና በሳምንት 400 ሽልንግ ይከራያል። በሳምንቱ ውስጥ 12 የተማሪ ዩኒፎርም እያንዳንዱን በ250 ሽልንግ ሰፋ። ለክርና ለቁልፍ 380 አወጣ። ሁለቱን በልክ ስህተት እንደገና ስለ ሰፋ የጨርቁን 300 ከራሱ ከፈለ። ሦስት ደንበኞች በዱቤ ወሰዱ። ለቤቱ ወጪ ከሥራው ገንዘብ 500 ወሰደ። በቀን 8 ሰዓት 6 ቀን ሠራ። ሀ) ዱቤው ሁሉ ቢከፈል እውነተኛ ትርፉ ስንት ነው? ለ) ቅዳሜ ማታ በእጁ የሚገኘው ጥሬ ገንዘብ ስንት ነው? ሐ) የአንድ ሰዓት ድካሙ ዋጋ ስንት ነው? መ) በሚመጣው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ ቢባል ምን ትመክሩታላችሁ?

2ኛ. የ«ሀ»ንና የ«ለ»ን መልሶች በስዋሂሊ ተናገሩ። አንዱ ይናገር፣ ሌላው በቁጥር ይጻፍ።

3ኛ. በቀጠሮ ወረቀት ላይ 11 እና 4 ተብለው የተጻፉትን ሰዓቶች ወደ እኛ ሰዓት ለውጡ። የመጀመሪያው ከቀትር በፊት፣ ሁለተኛው ከቀትር በኋላ ነው።

4ኛ. ዛሬ የምትሠሩትን ሥራ ለማያውቃችሁ ሰው የሚያስረዳ ደብዳቤ በስድስት መስመር ጻፉ። በውስጡ ቢያንስ ሦስት ቁጥሮች ይኑሩ።

የ1ኛውና የ3ኛው ጥያቄ መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። 4ኛውን ጽፋችሁ ለማታው የጎልማሶች ክፍል ብታመጡልን አብረን እናርመዋለን።